ዓላማውን በየዕለቱ የሠራ ሰው፤ የኢዮብ ሉዶልፍ የሕይወት ታሪክ

ሰው ሁሉ ዓላማ ሊኖረው ይገባል የሚለውን ምክር ከፊደል ገበታ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ስንሰማው መጥተናል። ወላጆቻችን መክረውናል፤ መምህራኖቻችን ነግረውናል፤ በየትምህርት ቤቱ የመዝጊያ በዓል ላይ የተገኙ እንግዶችም ደጋግመውልናል። ይሁን እንጂ ዓላማ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴትስ ከፍጻሜ እንደሚደርስ ያስረዳን ሰው ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት አብዛኞቻችን ዓላማህ ምንድን ነው ተብለን ስንጠየቅ የምንመልሰው የማዕረግ ስም ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መሐንዲስ፣ ሌላው ዳኛ እሆናለሁ ይላል። ይህ መልካም ምኞት ነው። ነገር ግን ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ መጻሕፍት ቤት ገብተን ስንቀመጥ ምን መሥራት እንዳለብን አይነግረንም።

ምኞትና ዓላማ የሚለያዩበትን ስፍራ በክርክር ከማስረዳት ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት መተረክ ይሻላል ብለን አሰብን። የመረጥነውም ሰው ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ስሙ የአገራችንን ታሪክና ቋንቋ ለሚያጠና ሁሉ እንግዳ አይደለም፤ በአውሮፓም የኢትዮጵያ ጥናት አባት እየተባለ ይጠራል። እኛ ግን ታሪኩን የምናነሣው ሊቅነቱን ለማመስገን ብቻ አይደለም። በተማሪነቱ የጀመረውን ሥራ እስከ ሰማንያ ዓመቱ ደጃፍ ድረስ እንዴት እንደ ያዘው፣ ከውጥኖቹም መካከል የትኛው እንደ ሠመረለትና የትኛው እንደ ከሸፈበት ለመመልከት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 በጀርመን አገር ኤርፉርት በምትባል ከተማ ተወለደ። የተወለደበት ዘመን ክፉ ዘመን ነበር። በሃይማኖትና በሥልጣን ምክንያት በ1618 የተነሣው የሠላሳ ዓመት ጦርነት መንደሩን እያቃጠለ፣ እርሻውን ባድማ እያደረገ፣ ረኃብና ቸነፈር እያስከተለ በጀርመን ምድር ይካሄድ ነበር። ኤርፉርትም በ1631 በስዊድን ጦር እጅ ወደቀች። ጦርነቱ በ1648 በዕርቅ ሲያበቃ ሉዶልፍ የ24 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ነበር። እንግዲህ ልጅነቱንም ሆነ የትምህርት ዘመኑን ያሳለፈው ሰላም የሚባለውን ነገር ሳያውቅ ነው። ጊዜው ሲረጋጋ እጀምራለሁ የሚል ሰው በዚያ ዘመን ቢፈጠር ኖሮ ምንም ሳይጀምር ግማሽ ዕድሜው ባለቀ ነበር።

ልጁ ለቋንቋ የተለየ ፍቅር ነበረው። ከላቲንና ከግሪክ ሌላ ዕብራይስጥንና ዐረብኛን አጠና፤ በኋላ ዘመኑ ሃያ አምስት ያህል ቋንቋዎች ያውቅ እንደ ነበር ይነገራል። በትውልድ ከተማው ከተማረ በኋላ ወደ ሆላንድ ተሻግሮ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያ ዘመን ላይደን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ከሚሰጥባቸው ስፍራዎች ሁሉ የታወቀች ነበረች፤ ስመ ጥሩው የዐረብኛ መምህር ጎሊዩስም የሚያስተምረው እዚያው ነበር።

ዕብራይስጥና ዐረብኛ ያን ጊዜ መምህር ነበራቸው። የእነርሱ ዘመድ የሆነው ግዕዝ ግን በመላው አውሮፓ የሚያስተምረው ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል። የነበሩት ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ናቸው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን በሮማ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳትሞ ነበር፤ በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍም ይኸው ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ ተስፋ ጽዮን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እዚያው ሮማ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በ1552 ማርያኖ ቪቶርዮ የተባለ ኢጣሊያዊ አጭር ሰዋስው፣ በ1638 ያዕቆብ ቬመርስ የተባለ የካርሜላውያን ማኅበር መነኩሴ ትንሽ መዝገበ ቃላት አወጡ። ከእነዚህ ወዲያ ለአንድ ጀርመናዊ ተማሪ መመሪያ የሚሆነው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር።

ሉዶልፍ ዓላማውን የጀመረው ከዚህ ነው። መምህር እስኪገኝ አልጠበቀም፤ ኢትዮጵያን ካላየሁ አልጀምርም አላለም። ያለውን መጽሐፍ ይዞ፣ የላቲኑን መዝሙር ከግዕዙ ጋራ ቃል በቃል እያስተያየ በሚችለው መንገድ መማር ጀመረ። ሥራውን ስንመለከት፣ ለራሱ የሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝ ታላቅ ሊቅ መሆን ሳይሆን በፊቱ የተዘረጋውን ገጽ አንብቦ መረዳት እንደ ነበር እንገነዘባለን። ይህ ትእዛዝ ሦስት ጥሩ ጠባዮች አሉት። ዛሬ ሊጀመር ይችላል፤ መፈጸሙና አለመፈጸሙ ይታወቃል፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ የሚቀጥለው ገጽ ራሱ ቀጣዩን ሥራ ያመለክታል።

ትምህርቱን ጨርሶ ፈረንሳይንና እንግሊዝን ከጎበኘ በኋላ በ1649 ወደ ሮማ ሄደ። የሄደውም በራሱ ገንዘብ ወይም ለግዕዝ ብሎ አልነበረም። በፓሪስ የስዊድን መልእክተኛ የነበረው ሰው ለስዊድን መንግሥት የሚፈለጉ አሮጌ ሰነዶችን በሮማ እንዲፈልግ ልኮት ነው። ሉዶልፍ ግን የተላከበትን ጉዳይ እየሠራ በልቡ የነበረውን አልረሳም። በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ገዳም ነበረ፤ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መነኰሳትና መንገደኞች ማረፊያ ሆኖ የኖረ ስፍራ ነው። ወጣቱ ጀርመናዊ በሩን አንኳኳ።

ከመነኰሳቱ መካከል አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። አገራቸው አምሐራ፣ ደብራቸው መካነ ሥላሴ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን ሃይማኖት ከተቀበሉት ወገን ስለ ነበሩ፣ ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ነግሠው የቀድሞውን ሃይማኖት ከመለሱና የኢየሱሳውያንን ማኅበር ካባረሩ በኋላ አገራቸውን ለቀው የተሰደዱ ሰው ናቸው። ሉዶልፍ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ ከመጻሕፍቱ አንዱን ተቀብሎ ማንበብ ሲጀምር መነኰሳቱ ሣቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ነገሩ አያስደንቅም። ተነሽና ተጣዩን፣ ወዳቂና ሰያፉን የሚያሳየው የንባብ መምህር አላገኘም፤ የጸደይን ጸ እና የቀንን ቀ ከሚናገር አፍ ሰምቶ አያውቅም። ግዕዝን የተማረው በዓይኑ እንጂ በጆሮው አልነበረም። ነገር ግን ያነበበውን መተርጐም ሲጀምር የመነኰሳቱ ሣቅ ወደ መደነቅ ተለወጠ፤ ያለ መምህር ይህን ያህል መድረስ ይቻላል ብለው አላሰቡም ነበርና።

በዚህ ላይ ጥቂት ማሰብ ይገባናል። ሉዶልፍ ባዶ እጁን ሄዶ አስተምሩኝ ቢል ኖሮ እንደ ማንኛውም እንግዳ በመልካም ፊት ተቀብለው በመልካም ፊት ይሸኙት ነበር። የሄደው ግን በራሱ ጥረት ሊደርስ የሚችልበት ጫፍ ድረስ ደርሶ፣ የጎደለው ነገር ምን እንደ ሆነም አውቆ ነው። ስለዚህ አባ ጎርጎርዮስ ሊያርሙት የሚችሉት ነገር አገኙ። መሣቂያ መሆንን ፈርቶ መጽሐፉን ቢዘጋ ኖሮ ደግሞ ታሪኩ እዚያው ባለቀ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች በግዕዝ እየተነጋገሩ፣ ያንዱ ስሕተት በሌላው እየታረመ ወዳጆች ሆኑ።

ሉዶልፍ ወደ ጀርመን ከተመለሰ በኋላ የሳክስ-ጎታ መስፍን የነበረው፣ መንፈሳዊው የሚባለው ኤርንስት በ1652 ለቤተ መንግሥቱ ሥራ ተቀበለው። መስፍኑ ለትምህርት የሚያስብ ገዥ ስለ ነበረ የሉዶልፍን ሐሳብ ሰምቶ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ እንዲመጡ ፈቀደ። አባም የአልፕስን ተራራ ተሻግረው በዚያው ዓመት መጡ፤ ፍሪደንሽታይን በሚባለው ቤተ መንግሥትም ጥቂት ወራት ተቀመጡ።

እነዚያ ጥቂት ወራት እንዴት እንደ ዋሉ የሉዶልፍ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ስለ አገሩ አቀማመጥ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ስለ እንስሳቱና ስለ አትክልቱ ጥያቄ እያቀረበ መልሱን በጽሑፍ ያሰፍር ነበር። ከግዕዙም አልፎ የአባን የአፍ መፍቻ ቋንቋ አማርኛን ጠየቃቸው። እንግዳው ለዘላለም አብረውት እንደማይኖሩ ያውቃልና ቀኑን በወግ አላሳለፈውም። አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣሊያ ከተመለሱ በኋላም ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር፤ ከደብዳቤዎቻቸውም መካከል ለእኛ ዘመን የደረሱ አሉ። በ1658 ግን አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ የተሳፈሩበት መርከብ በእስክንድሩን አጠገብ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። ሉዶልፍም የነበረውን አንድ መምህር አጣ።

ያን ጊዜ ሉዶልፍ 34 ዓመቱ ነበር። መምህሩ ሞተዋል፤ ኢትዮጵያ ለአውሮፓውያን የተዘጋች አገር ሆናለች፤ እሱም የቤተ መንግሥት ሥራ ተሸክሟል። የመስፍኑን ልጆች ያስተምራል፣ በምክር ቤት ይቀመጣል፣ ለመንግሥት ጉዳይ ወዲያና ወዲህ ይላካል። እንጀራው ሌላ፣ ዓላማው ሌላ ነበር። ከእኛ መካከል የሥራ ብዛት ዓላማዬን አስጣለኝ ለማለት የሚዘጋጅ ቢኖር ይህን የሉዶልፍን ዘመን እንዲመለከት እንጋብዘዋለን። ደመወዝ የሚከፈለው መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ አልነበረም። በአስተዳደር ሥራ የቆየውም ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ሳይሆን ከሃያ ዓመት በላይ ነው። ቢሆንም በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት በለንደን ታትመው ወጡ።

እነዚህም መጻሕፍት እንደ ተመኛቸው ሆነው አልወጡም። ለንደን ሄዶ ኅትመቱን የተቆጣጠረው ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌበን የሚባል ደቀ መዝሙሩ ነበር፤ ሉዶልፍ መጽሐፉን ሲያየው ባልፈቀደው ነገር የተለዋወጠና ስሕተት የበዛበት ሆኖ አገኘውና እጅግ አዘነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ይታየዋል፤ አንደኛው ተበሳጭቶ መተው ነው፤ ሁለተኛው ስሜ በመጽሐፉ ላይ ተጽፎ ወጥቷልና ይበቃኛል ማለት ነው። ሉዶልፍ ሦስተኛውን መንገድ ያዘ። ቃላት መሰብሰቡን፣ ማረሙንና ማስፋፋቱን ቀጠለ። የታረመው መዝገበ ቃላት የታተመው በ1699 ነው፤ ይኸውም ከ38 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የታረመው ሰዋስው ደግሞ በ1702 ወጣ።

አሁን ከሸፈበት ውጥን ላይ ደርሰናል። ሉዶልፍ ከቋንቋው ሥራ ሌላ አንድ ታላቅ ምኞት ነበረው። ይህም አውሮፓና ኢትዮጵያ እንዲገናኙ፣ እንዲነግዱ፣ በቱርክ ኃይል ላይም እንዲተባበሩ ነው። ለዚህ ምኞት በመጀመሪያ መንገድ የከፈተው መስፍኑ ኤርንስት ነበር፤ በ1663 ያንኑ ቫንስሌበንን ገንዘብ ሰጥቶ ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ቫንስሌበን ግን ከግብጽ አላለፈም። ከዚያም ወደ ሮማ ሄዶ ካቶሊክ ሆነ፤ ወደ ጎታም ሳይመለስ ቀረ። በ1683 የቱርክ ጦር ቪየናን በከበበበት ዓመት ሉዶልፍ ራሱ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ የንግዱን ሐሳብ አቀረበ፤ ሳይሳካለትም ቀረ።

ያልተሳካበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐሳቡ ከፍጻሜ እንዲደርስ የጀርመን መሳፍንት መስማማት ነበረባቸው፤ የእንግሊዝ መንግሥት መፍቀድ ነበረበት፤ የምጽዋን ወደብ ከ1557 ጀምሮ የያዙት ቱርኮች ማሳለፍ ነበረባቸው። ከሁሉም በላይ ከኢየሱሳውያን ጋራ ባደረገው ጠብ ደም የፈሰሰበት የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፓዊ የተባለን ሁሉ መጠራጠሩን መተው ነበረበት። ከእነዚህ ቁልፎች አንዱም እንኳ በሉዶልፍ ኪስ ውስጥ አልነበረም። ምኞቱ ክፉ ስለ ነበረ አይደለም የቀረው፤ እሱም ሰነፍ አልነበረም። ነገር ግን ማልዶ ተነሥቶ ዛሬ ይህን ያህሉን ሠራሁ ሊል የሚችልበት ነገር አልነበረም። ቢተጋም ቢተኛም ውጤቱ የሚወሰነው በሌሎች ደጅ ነበር።

እንግዲህ አንድ ሰው፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ልብ ሁለት ነገር ይዞ እናገኘዋለን። አንደኛው ከነገሥታት ደጅ የሚጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ከጠረጴዛው ላይ የሚገኝ። የመጀመሪያው ሃያ ዓመት ተደክሞበት ፍሬ አልሰጠም። ሁለተኛው ቃል በቃል፣ ቅጠል በቅጠል እየተከማቸ መጽሐፍ ሆነ። ሉዶልፍ በ1684 ከእንግሊዝ ወደ ፍራንክፉርት ከተመለሰ በኋላ ኀዘን ላይ አልተቀመጠም፤ ጊዜውን በሙሉ ለመጻሕፍቱ ሰጠ። ያን ጊዜ 60 ዓመቱ ነበር። አብዛኛው ሰው ሥራ በሚተውበት ዕድሜ የሥራውን ትልቁን ክፍል ገና መጀመሩ ነው ማለት ይቻላል።

ፍራንክፉርት የተቀመጠው ከ1678 ጀምሮ ነበር። የኢትዮጵያ ታሪክ የሚባለው ታላቁ መጽሐፉ በ1681 እዚያው ታትሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ ሆላንድኛ ተተርጕሟል። መጽሐፉ ስለ ምድሩና ስለ ሕዝቡ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ ኑሮው በአራት ክፍል የተዘጋጀ ነው። አገሩን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ መጻፉ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ግን በ1652 በጎታ የተጻፉት ማስታወሻዎች ነበሩት፤ ከአባ ጎርጎርዮስ የተቀበለውንም ከእሳቸው መቀበሉን አልደበቀም። በ1691 በዚህ ታሪክ ላይ ሰፊ ማብራሪያ አወጣ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት አሳተመ። የአማርኛ ሰዋስው በማተሚያ ታትሞ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። በ1701 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝና በላቲን አወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 1704፣ ሰማንያኛ ዓመቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው በፍራንክፉርት ሞተ።

የአማርኛውን መጽሐፍ ዘመን አስቡት። አማርኛውን ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ የሰማው በ1652 ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1698 ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አለ። የነገሩት ሰው ከሞቱ 40 ዓመት አልፏል። እነዚያን ማስታወሻዎች ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር አብረውት ዞረዋል። በወጣትነቱ እጅ የጻፈውን በሽማግሌነቱ እጅ ለማተሚያ ቤት አበቃው። በ1652 በትክክል ያልጻፈው ቃል ቢኖር በ1698 የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። ለዓላማ የሚሠራ የዛሬ ሥራ ዛሬ በጥንቃቄ መሠራት ያለበት ስለዚህ ነው።

አንባብያን እንዲህ ብለው ሊሞግቱን ይችላሉ። በእጃችን ያለውን ብቻ ዓላማ እናድርግ ከተባለ ታላላቅ ሐሳብ ሊኖር ነውን? መንገድ የሚሠራው፣ ሕግ የሚሻሻለው፣ በሽታ ከአገር የሚጠፋው በብዙ ሰው ስምምነት አይደለምን? ጥያቄው ትክክል ነው። እኛም ሉዶልፍ የአገሮችን መገናኘት መመኘት አልነበረበትም አንልም። የምንለው ይህን ነው፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለው ሰው ከሐሳቡ ውስጥ በራሱ እጅ ሊሠራ የሚችለውን ክፍል ለይቶ ካላወጣና ለዚያ ክፍል ሰዓት ካልመደበ፣ ሐሳቡ ታላቅ መሆኑ ራሱ የስንፍና መሸሸጊያ ይሆነዋል። አገሬ ስትለወጥ እያለ አራት ዓመት ይቀመጣል። ሰዎቹ አልፈቀዱልኝም እያለም ይመረቃል።

ደግሞም በራስ እጅ ያለ ዓላማ ማለት ብቻን የሚያዝ ዓላማ ማለት አይደለም። ሉዶልፍ ያለ አባ ጎርጎርዮስ ግዕዝን እንደ ባዕድ ሲያነብ ይቀር ነበር፤ ያለ መስፍኑ ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ባልደረሱ ነበር። ልዩነቱ ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊትም፣ ከሄዱም በኋላ ሥራው አለመቆሙ ነው። ረዳት ሲገኝ ሥራው ፈጠነ፤ ረዳት ሲጠፋ ሥራው ዘገየ፤ ግን አልቆመም።

ከዓላማ የሚቀጥለው ጉዳይ ዕድሜ ነው። ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚረዝም ዓላማ ከሆነስ? ለዚህ ምሳሌ ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በአገራችን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝን መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ ሳይፈጽሙ ቢያልፉ ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ዕድሜያቸውን በሙሉ ደክመውበት ለኅትመት ሳይበቃ ስላረፉ ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አስረከቡ። አለቃ ደስታም የመምህራቸውን መጽሐፍ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. አሳተሙ፤ የራሳቸውን ትልቁን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ለሕዝብ አበረከቱ። ሦስት ሰዎች አንድ ዓላማ ተቀባበሉ። ሊቀባበሉ የቻሉትም ዓላማው በልብ ብቻ የተያዘ ምኞት ሳይሆን በወረቀት ላይ የሰፈረ፣ እዚህ ደርሷል ከዚህ ቀጥል ሊባል የሚችል ሥራ ስለ ነበረ ነው። ምኞት አይወረስም፤ የተጀመረ ሥራ ግን ይወረሳል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን ታሪክ በመጽሔታችን ላይ ስናወጣ አንድ የሚቆረቁረን ነገር አለ። የቋንቋችን የመጀመሪያ የታተመ ሰዋስው የወጣው በፍራንክፉርት ነው፤ የጻፈውም አገራችንን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። ለዚህ ልናፍር አይገባንም፤ ዕውቀቱን የሰጡት የእኛው አባ ጎርጎርዮስ ናቸውና። ነገር ግን ልንጠይቅ ይገባናል። እኛ ዛሬ ከአባ ጎርጎርዮስም ከሉዶልፍም የበለጠ መሣሪያ አለን። በየሄድንበት አገር ያልተጻፈ ቃል፣ ያልተመዘገበ ልማድ፣ ያልተለካ ወንዝ፣ ስሙ በመጽሐፍ ያልገባ ቅጠልና ሥር ሞልቷል። የሚነግሩን ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ገና አሉ። እነርሱ ግን እንደ አባ ጎርጎርዮስ የሚቆዩልን ለጥቂት ወራት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ የአባቱ አገር ሸማኔዎች የሚናገሩበትን ቃል ልሰብስብ ብሎ ቢነሣ፣ ዓላማው በቀን አሥር ቃል ይሁን እንላለን። አሥር ቃል ትንሽ ነው፤ ማንም ይሥቅበታል። በመቶ ቀን ግን ሺህ ቃል ይሆናል፤ ሺህ ቃል ደግሞ ቬመርስን በመሰለ ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ ሉዶልፍን ያስደስተው ነበር። የሕክምና ተማሪው በየበሽታው ስም፣ የእርሻ ተማሪው በየአፈሩ ዓይነት፣ የሕግ ተማሪው በየሽምግልናው ሥርዓት እንዲሁ ማድረግ ይችላል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ የተወሰነ ሰዓትና ስሕተቱን የሚያርምለት አንድ አዋቂ ነው። ስኮላርሺፕ ሲገኝ፣ ሹመት ሲመጣ፣ ዘመኑ ሲረጋጋ የሚሉት ሦስት ቃላት ግን ከደብተሩ ሽፋን ላይ መፋቅ አለባቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። ሉዶልፍ ከተመኘው ሁሉ ኢትዮጵያን ማየት አልሆነለትም። የተመኘው ቃል ኪዳንም አልታሰረም። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ አውጉስት ዲልማን የግዕዝን ሰዋስውና ታላቁን መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ መነሻ የሆነው የሉዶልፍ ሥራ ነበር። ከእጁ ያልነበረው ነገር ከእሱ ጋራ ተቀበረ፤ በእጁ የሠራው ግን ከእሱ በኋላ ቀጠለ። ከዚህ የጽሑፍ ክፍል የሚነሣ ተማሪ ሁሉ የዓላማውን ስም በትልቁ ከመጻፉ በፊት፣ ነገ ጧት በምን ሰዓት፣ በየትኛው ገጽ እንደሚጀምር በትንሹ ጽፎ እንዲያድር እንመኛለን።